ሲነጋ

ሰኞ ማታ ቀለበቷ አልወልቅ አለ፤
ሳሙና ቀባነው፣ ዘይትም ታከለ።
«ሙቀት ነው» አለችኝ፣ «ቆሜ ስውል ነው፤
በቀን ስንት መቶ እጅጌ ነው የምሰፋው!»

ማክሰኞ ፊቷ አበጠ፣ ዓይኖቿ ጠበቡ፤
ቧንቧው ሥር ቆመው ልብስ የሚያጥቡ
«ወዙ መጣ» አሉ፣ «አማረባት» አሉ፣
«ወንድ ነው፣ ሴት ናት» ተወራረዱ ሁሉ።
እኔም ከመሐል ነበርኩ፤ አብሬ ስቄያለሁ።
ይኼንን ሳልዘል እናገራለሁ።

ረቡዕ ማታ ከፓርኩ በሰርቪስ ስንወጣ
ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ መጣ፤
«ዛሬ» አለች ምንታምር፣ «መርፌዬ ሁለት ሆነብኝ፣
ክሩም ሁለት ሆኖ መስፋቱ አቃተኝ፤
ፊቴ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል፣
የብየዳ እሳት ይመስላል።»

ፓራሲታሞል ዋጠች። ራሷ አልለቀቃትም።
እትዬ ላቀች ዳማከሴ ጨምቀው
አፍንጫዋ ሥር ይዘው፣ ግንባሯን ጠምጥመው፣
«ስድስት ወልጃለሁ፣ አይዟችሁ» አሉን፤
«ሲነጋ ይለቃታል፣ ጨለማ ነው አሁን።»
ዱካሌም ከሞያሌ፣ ከጭነቱ ላይ ሆኖ፣
በስልክ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ባዝኖ፦
«ብሩ አርብ ይገባል፤ ሲነጋ ውሰጃት፤
ትተኛበት እስቲ፣ ዛሬን አትቀስቅሻት።»

ሲነጋ።
ይህችን ቃል አውቃታለሁ፤
ከቦዲቲ ወዲያ፣ ከአባቴ ቤት ሰምቻለሁ።
ታላቅ እህቴ መደብ ላይ ደሟ ሲፈስ፣
አባቴ ደጅ ወጥቶ፣ ሰማዩን አይቶ፣ «ትንሽ እንታገሥ፤
ሲነጋ ቃሬዛ እናበጃለን» አለ።
ነጋ።
ዶሮው ጮኸ፣ ላሟ ታለበች፣
ለሁላችንም ነጋ፣ ከእሷ በቀር።

ሲስተር አመለወርቅ በክትትሉ ቀን፣
ሆዷን በሜትር እየለካች ያለችን፦
«ጠብታም ደም ብታዩ፣ ውሃ ቢፈሳችሁ፣
ልጁ ዝም ቢል፣ ትኩሳት ቢያነድዳችሁ፣
ራስ ምታቱ እምቢ ካለ፣ ዓይን ብዥ ካለባችሁ፣
እኔን ሰዓት አትጠይቁኝ።»
ያን ቀን ምንታምር ሳቀች፦ «ስታስፈራራ!»

አሁን አትስቅም። «ከጎድኔ ሥር» ትላለች፣
ቀኝ ጎኗን በሁለት እጇ ይዛለች።
ጫማ አላደረግንም። ሌዳሞን ደወልኩለት።

በእንቅልፍ ልቡ መጣ፣ በአንድ መብራት ብቻ፤
ከዳቶ እስከ ሪፈራል ያለውን ጉድጓድ
በየስሙ ያውቀዋል፤ ይዞራል፣ ያዘግማል፣
ደግሞ አስፋልት ሲያገኝ ባጃጁ ይጮኻል።
የመንገድ መብራት ላይ አባ ኮዳ ቆሟል፣
አንገቱን ቀብሮ፣ እንደ አገር ሽማግሌ፤
«ሲነጋ» የሚለን መስሎኝ ረገምኩት።
ሂሳብ ላወጣ ስል፣ «ሂጂ!» አለኝ ሌዳሞ፣
«ስትወልድ እንተሳሰባለን።»

አዋላጇ ክንዷን በጨርቁ ጠቀለለች፤
ነፋች። ለቀቀች። እንደገና ነፋች።
«መቶ ሰባ በመቶ አሥራ አምስት።»
ካርድ አልጠየቀችም። ሮጠች።
ሐኪሙ፦ «ሲነጋ ብትመጡ ኖሮ—»
ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም፤
ጓንቱን አጠለቀ።

እና ነጋ።
አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ፣ ሴት፤
በመስታወት ሳጥን ውስጥ ጡጫዋን ጨብጣ፣
ከሁላችን ጋር የተጣላች ትመስላለች።
እናቷ ተኝታለች፣ መድኃኒቱ ይንጠባጠባል።
ቀለበቱን የጥገና ሠራተኛ በፒንሳ ቆረጠው፤
ኪሴ ውስጥ አለ፣ ክቡ ተከፍቶ።
አርብ ዱካሌ ሲመጣ
ምን ብዬ እንደምሰጠው አላውቅም።

እትዬ ላቀች ዳማከሴያቸውን አልነቀሉም።
ብቻ፣ ከበሩ ኋላ፣ ግድግዳው ላይ፣
የሌዳሞን ቁጥር በከሰል አጻፉኝ፤
«ተለቅ አድርጊው» አሉ፣
«መነጽር ሳልፈልግ እንዳየው፣
በሌሊት።»